በዓይን ውስጥ የሚበቅለውን ዕጢ ስለሚያሳዩ መሣሪያዎች

ከቆዳ በታች የበቀለ ዕጢ በእጅ ይዳሰሳል፤ በዓይን ውስጥ የበቀለው ግን ተሰውሮ ያድጋል። ስለዚህ ሐኪሞች ልዩ ልዩ መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ ከነዚህም አንዱ ብቻውን ሁሉን አያሳይም።

የመጀመሪያው፣ ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልጽ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. የገለጠው ኦፍታልሞስኮፕ ነው። ሐኪሙ በዚህ መሣሪያ በብሌን በኩል ብርሃን ልኮ የዓይንን የውስጥ ወለል ያያል። ከዚያም በኋላ ያንኑ ወለል በፎቶግራፍ ማንሣት ተቻለ፤ የዛሬው ሥዕል ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ዕጢው መስፋቱ ይታወቃል። ነገር ግን ፎቶግራፍ ስፋትን እንጂ ውፍረትን አይለካም።

ውፍረትን የሚለካው አልትራሳውንድ ነው፤ እርሱም በዚያው አቈጣጠር በ1956 ለዓይን ዕጢ ምርመራ ዋለ። ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ዓይን ይሰድዳል፤ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመለሰውንም ወደ ሥዕል ይለውጣል። ደም ወይም ሞራ ብርሃንን በከለከለ ጊዜም ድምፅ ያልፋል።

በ1991 የተገለጠው ኦ.ሲ.ቲ. በድምፅ ፈንታ ብርሃንን ይልካል። ሬቲና የሚባለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ድርብርቡን ለይቶ ያሳያል፤ ከበታቹ የተጠራቀመ ጥቂት ውሃ እንኳ አያመልጠውም። ብርሃኑ ግን ወፍራም ዕጢን ዘልቆ አያልፍም። እንግዲህ አልትራሳውንድ ጥልቁን፣ ኦ.ሲ.ቲ. ረቂቁን ያያል ማለት ነው።

ኤም.አር.አይ. ደግሞ በማግኔት ኃይል ዕጢው በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል መዝለቁን ወይም አለመዝለቁን ይመረምራል። ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የዓይን ነቀርሳ ላለበት ሕፃን ሐኪሞች ከሲ.ቲ. ይልቅ ይህን የሚመርጡት፣ የሲ.ቲ. ጨረር ሌላ ነቀርሳ እንዳያመጣበት ሠግተው ነው።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ግን አስቀድሞ የሚያስተውል ሰው ይፈልጋል። ሬቲኖብላስቶማ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ይይዛል፤ ምልክቱም ብሌኑ ነጣ ብሎ እንደ ድመት ዓይን ማብራቱ ወይም ዓይኑ መሸውረሩ ነው። ነጭ ብሌን ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ የዓይን ሞራም ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። ዕጢው ከዓይን ሳይወጣ ከተገኘ የሕፃኑ ሕይወት አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ወደ አንጎል ከዘለቀ ግን ማዳን እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ መምህሩም ሽማግሌውም ይህን ምልክት ባዩ ጊዜ፣ ወላጆች ሕፃኑን ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም እንዲወስዱት መምከር ይገባቸዋል፤ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።