የየቲም ውርስ በየትኛው ፍርድ ቤት?

አባት ሲሞት ለልጆቹ ቤት፣ ጥቂት ከብት ወይም የሱቅ ዕቃ ይተርፋቸው ይሆናል። በቦሬም ሆነ በነገሌ ቦረና፣ የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣ ንብረቱ በዘመድ እጅ ከቆየ የየቲሙ ሐቅ አደጋ ላይ ይወድቃል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። ስለዚህ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት የተከራካሪዎቹ ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል።

ልዩነቱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በሸሪዓ፣ ሟቹ ልጆች ካሉት ሚስቱ አንድ ስምንተኛ፣ እናትና አባቱ እያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል፤ ከቀሪው ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ያገኛል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ወንድና ሴት ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ሚስት ያለ ኑዛዜ ባትወርስም ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሷ ነው። በሁለቱም መንገድ የቀብር ወጪና ዕዳ ከክፍፍል ይቀድማል።

መዘግየትም ሐቅ ያሳጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት ወራሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ 3 ዓመት ካለፈ ክሱ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። ሕፃን ራሱ ሊከስ ስለማይችል ጊዜውን መከታተል የሞግዚቱ አደራ ነው።

ስለዚህ ቤተሰቦች የሞት፣ የጋብቻ፣ የልደትና የይዞታ ማስረጃዎችን አሰባስበው የልጆቹን ወራሽነት በፍርድ ቤት እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን። ለጋሾቻችንም ከወርሃዊው ድጋፍ ጎን ለጎን የፍርድ ቤቱን ወጪ ቢሸፍኑ የልጁን ቤት ማትረፍ ይችላሉ። ሱረቱ-ኒሳእ የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበሉትን በብርቱ ያስጠነቅቃል። አላህ ሐቃቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን።