እግሯ አልታዘዝ ያላት ፈረሰኛ

ልጆች፣ አንድ ጥያቄ አለን። ቃል ሳትተነፍሱ ፈረስን እንዴት ታዙታላችሁ?

«ድሬሳዥ» የሚባለው የፈረስ ስፖርት እንዲህ ያለ ነው። ፈረሱ 60 ሜትር በ20 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ አንዴ በእርምጃ፣ አንዴ በሶምሶማ፣ አንዴ በግልቢያ እየሄደ ልክ እንደሚጨፍር ሰው እንቅስቃሴውን ያሳያል፤ ዳኞች ነጥብ ይሰጡታል። ጋላቢው «ሂድ»፣ «ቁም» እያለ ቢያወራ ነጥብ ይቀነስበታል። የሚያዘው በእጁ፣ በአቀማመጡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእግሩ ነው።

ታዲያ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ምን ያድርግ?

ሊዝ ሃርቴል እ.ኤ.አ. በ1921 ዴንማርክ ውስጥ ተወለደች። በ1943 እና በ1944 የአገሯ የድሬሳዥ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያው በ1944፣ በ23 ዓመቷ፣ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሳለ ፖሊዮ ያዛት። ያኔ ክትባቱ ገና አልተገኘም። ሰውነቷ አልንቀሳቀስ አለ። ደግነቱ ልጇ በጤና ተወለደች።

ሊዝ እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ጀመረች። መጀመሪያ እጇን ማንሣት፣ ቀጥሎ መዳህ፣ ከዚያ በምርኩዝ መራመድ። ከጉልበቷ በታች ግን እግሮቿ እንደ ሽባ ቀሩ፤ እጆቿም እንደ በፊቱ አልሆኑም። እንደዚያም ሆና ወደ ፈረስ ተመለሰች። ሰው ኮርቻ ላይ ያወጣታል፣ ሰው ያወርዳታል። «ጁቢሊ» የተባለችው ባዝራዋ የሊዝን የጀርባ እንቅስቃሴና የክብደቷን ማዘንበል ማዳመጥ ለመደች። በ1947 በስካንዲኔቪያ ውድድር ሁለተኛ ወጣች።

የኦሎምፒክ በር ግን ዝግ ነበር። እስከዚያ ጊዜ በድሬሳዥ የሚወዳደሩት ወንድ የጦር መኮንኖች ብቻ ነበሩ። በ1952 በሄልሲንኪ በሩ ለሲቪሎችና ለሴቶች ሲከፈት አራት ሴቶች ገቡ፤ አንዷ ሊዝ ነበረች። ከወንዶቹ ጋር ተወዳድራ የብር ሜዳሊያ ወሰደች። ሜዳሊያዋን ስትቀበል ወደ መድረኩ ደግፎ ያወጣት ወርቁን ያሸነፋት ስዊድናዊው ሄንሪ ሴንት ሲር ነው።

በ1956 አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችበትን የሜልቦርን ውድድር ታስታውሱ ይሆናል። አውስትራሊያ የውጭ ፈረስ በቀላሉ ስለማታስገባ የዚያ ኦሎምፒክ የፈረስ ውድድር የተካሄደው ስቶክሆልም ነው። ሊዝ እዚያም ዳግመኛ ብር አገኘች። ከዚያ በኋላ ፈረስ መጋለብ አካል ጉዳተኞችን እንደሚረዳ ብዙዎች ከእሷ ተማሩ፤ በኔዘርላንድስ በስሟ የሚጠራ ተቋም አለ። በ2009፣ በ87 ዓመቷ አረፈች።

ወላጆች፣ እኛን ከሜዳሊያዎቹ ይልቅ የነካን ሌላ ነገር ነው። ይህች ሻምፒዮን በጋለበች ቁጥር «አንሡኝ» ማለት ነበረባት። እኛ ዘንድ «ሰው አላስቸግርም» የሚል ኩራት አለ። በሰው አገር ደግሞ ይብሳል፤ ልጁ ትምህርቱ ሳይገባው መምህሩን ሳይጠይቅ ይመለሳል፣ እናትም የማታነበውን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ትከታለች። ሊዝ ሰው እያገዛት ኮርቻ ላይ ወጣች፤ ከወጣች በኋላ ያለውን ሥራ ግን ራሷ ሠራችው።

ልጆች፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ ተጠያየቁ፦ በዚህ ሳምንት «አግዙኝ» ለማለት ያፈራችሁበት ነገር ምንድን ነው? እናትና አባትም ይመልሱ።