የአቢጋር ከብትና የጡንቻው ምሥጢር

በጋምቤላ፣ ከኢታንግ እስከ ጂካዎና አኮቦ በተዘረጋው ረባዳ ሜዳ፣ በክረምት ከጎርፍ ሸሽቶ ወደ ከፍታው፣ በበጋም ሣር ፍለጋ ወደ ወንዙ ዳር ከብቱን እየነዳ የሚኖረው የኑዌር ሕዝብ፣ ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በሬ የሚሰጠው፣ ወጣቱም በበሬው መልክ የሚጠራ፣ ሲመሽም በበረቱ ኩበት አጭሶ ዝንቡን የሚያባርርና አመዱን ገላው ላይ የሚቀባ ስለሆነ፣ አቢጋር የሚባለው የከብት ዝርያ ለእርሱ ከሀብትነት አልፎ የሰብእናው ክፍል ነው።

ይህ ከብት ጼጼ ዝንብ በሚመላለስበት፣ ዝንቡ የሚያመጣው የገንዲ በሽታም ደም አመንምኖ ሥጋ በሚያከሳበት ቆላ ጸንቶ ሲኖር፣ ስለ እርሱ ዘወትር የሚጠየቀው የወተቱ መጠንና የቁመቱ ልክ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ የከሳው ሥጋ እንደገና የሚሞላበት ሥርዓት አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ነበርና።

ሊቃውንት ይህን ሥርዓት በጥልቀት ከመረመሩባቸው እንስሳት አንዱ፣ በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ማዕድ የማይቀርበው አሳማ ነው። የአሳማ የጡንቻ ክሮች ቍጥር በአመዛኙ የሚወሰነው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ሲሆን፣ ከተወለደ በኋላ ክሩን የሚያወፍሩትና ሲጎዳ የሚጠግኑት፣ በክሩ ጠርዝ ተኝተው ትእዛዝ የሚጠብቁ ግንደ ሕዋሳት ናቸው። ከአዛዦቻቸው መካከል፣ ራሳቸው ፕሮቲን የማያሠሩ፣ ነገር ግን የፕሮቲኑን መልእክት የተሸከመውን አር ኤን ኤ ይዘው ዝም የሚያሰኙ፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ ደቃቃን አር ኤን ኤዎች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1993 በትል ውስጥ የታወቀ ሲሆን፣ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን ስለዚሁ በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ማይክሮ አር ኤን ኤ 133 ሕዋሱ እንዲባዛ ሲያግዝ፣ 1 እና 206 የተባሉት መባዛቱን ትቶ ወደ ጡንቻነት እንዲለወጥ ያደርጉታል። የትእዛዙን ኃይል የቴክሴል በግ አስረድቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደ ታወቀው፣ የጡንቻን እድገት በሚገታው ጅን፣ ፕሮቲን በማይጻፍበት ጫፉ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ 1 እና 206 የሚያርፉበት ስፍራ ተፈጠረ፤ ገቺውም ስለ ተገታ የበጉ ሥጋ ዳበረ።

በአቢጋር ጡንቻ ውስጥ የተሰወረውን ትእዛዝ ዝርያው ከእጃችን ሳይወጣ ማንበብ ይገባናል። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር መንደሮች ላይ በጣሉት አደጋ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተው፣ ሕፃናት ታፍነው፣ ከ2000 በላይ ከብት ተነዳ፤ ከሰው ሕይወት ጋር የሚመዛዘን ባይኖርም፣ ዘር እንዲህ ባለ አንድ ቀን ሊመናመን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1976 በእህል ዘር የጀመረው የአገራችን የዘር ባንክ በኋላ ወደ እንስሳትም ደርሷል፤ ይሁን እንጂ በቅዝቃዜ የሚቀመጠው የኮርማ ዘር፣ በጥጃው ጡንቻ ውስጥ በየዕለቱ የሚተላለፈውን ትእዛዝ አይዝልንም። አር ኤን ኤ በቀላሉ የሚፈርስ ነውና፣ ናሙናው እንደ ተወሰደ በፈሳሽ ናይትሮጅን ካልቀዘቀዘ ወይም በሌላ መንገድ ካልተጠበቀ በጋምቤላ ሙቀት ይበላሻል፤ ስለዚህ መሣሪያውና ባለሙያው ወደ ባሮ ወንዝ ዳር መውረድ፣ የከብቱንም ትውልድ በቃሉ የሚቈጥረው የኑዌር አርቢ ገና ጥናቱ ሲታሰብ መጠየቅ አለበት።