በግመል የሚጫነው ቤት

በኬንያዋ ሞያሌ «ታሪካዊ ቤት አሳዩኝ» የሚል እንግዳ የእንግሊዞችን ዘመን ግንብ ሲፈልግ ይውላል። ቢጠይቀኝ የማሳየው ወደ ቱርቢ መስመር ወረድ ብሎ፣ ከጋብራዎች ሰፈር፣ ማንዳሴ የሚባለውን ቤት ነው። ይፍጠን ብቻ፤ ግጦሹ ካለቀ ቤቱም ይሄዳል።

ጋብራዎች ኦሮምኛ ተናጋሪ ግመል አርቢዎች ናቸው። በ1900 ዓ.ም. የተፈረመው የወሰን ስምምነት ከፊሉን ወደ ኢትዮጵያ፣ ከፊሉን ወደ ኬንያ አድርጓቸዋል።

የማንዳሴ አጥንቱ የጎበጠ የግራር ሥርና ቅርንጫፍ ነው። ልብሱ ሴቶች ከቃጫ የሠሩት ምንጣፍና ቆዳ ነው፤ አሁን አሁን ጆንያና ሸራም ገብቶበታል። በሩ ወደ ምዕራብ ነው፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣላ።

ጉዱ ያለው ጉዞ ሲነሣ ነው። ሴቶቹ ምንጣፉን ገፈው በግመሉ ጀርባ ላይ ያነጥፉታል። የቤቱን እንጨቶች ግራና ቀኝ ጠፍረው ከሻኛው በላይ ያቆሟቸዋል። ትናንት ጣሪያ የነበረው ጉብጥ እንጨት ዛሬ የመቀመጫው ክፈፍ ይሆናል፤ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች በውስጡ ይጓዛሉ። ሲሰፍሩ ያው እንጨት ተመልሶ ጣሪያ ነው። በየሪፖርቱ «ቤት አልባ አርብቶ አደሮች» ብለው የሚጽፉ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ጭነት ሲታሰር ቆመው ቢያዩ ምን ነበረበት?

ቤቱ የሚስት ነው። ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ ቤት እንጨትና ምንጣፍ እየተቀነሰ ይሰጣታል፤ ስለዚህ ልጆቿን የዳረች እናት ቤቷ እየጠበበ ይሄዳል። አንዲት አሮጊት ከራሳቸው በላይ ያለውን እንጨት በጣታቸው መታ አድርገው፣ በአስተርጓሚ፣ «ይኼ የእናቴ እናት ነው» አሉኝ። በጭስ ጠቁሮ፣ ገመድ የሚውልበት ቦታ ሰርጉዶ፣ እንደ ቀንድ ያብለጨልጫል። ግንብ ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ የናስ ሰሌዳ በተለጠፈለት።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ስልካችሁን ደግናችሁ ዘው አትበሉ፤ ከውጭ ሰላምታ ሰጥታችሁ «ግቡ» እስኪሏችሁ ጠብቁ። ምሰሶውን አትደገፉ። ወተት ጎርፋ በሚባለው የወተት ዕቃ ሲቀርብላችሁ የጭስ ጣዕም አለው ብላችሁ ፊት አታጥቁሩ፤ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ዕቃው ሆን ተብሎ በፍም ታጥኗል።