የሶላር ራዲዮ ሲገዙ ድንጋዩን አይርሱ

በዲሴምበር 2013 ቶሮንቶን የመታውን የበረዶ ዝናብ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ወደ 300 ሺህ የኤሌክትሪክ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው፤ የፈረንጆቹን ገና በጨለማ ያሳለፈም አለ። እዚህ ኤግሊንተን ዌስት ፎቅ ላይ ከአረጋዊት እናቱ ጋር ለሚኖር ሰው፣ ስልኩ ከሞተ ወሬም የለም። ያን ጊዜ ትንሽ ራዲዮ ወርቅ ናት።

ለካምፒንግም ሆነ ለእንዲህ ያለ ቀን የሶላር ራዲዮ ልግዛ ካሉ፣ በፀሐይ ብቻ አይመኑ። እስቲ ሒሳቡን እንይ፦ ባትሪው 7.4 ዋት-ሰዓት፣ ሶላሩ 0.3 ዋት ቢሆን፣ ለመሙላት 25 ሰዓት ያህል ጠራራ ፀሐይ ይፈልጋል። በገና ሰሞን የእኛ ቀን 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ያውም በመስኮት መስታወት በኩል! «ስልክ ይሞላል» የሚለውንም ማስታወቂያ በዚሁ ይመዝኑት።

ስለዚህ በእጅ የሚዘወር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተራ የባትሪ ድንጋይ የሚቀበል ይምረጡ። ኤፍኤም አይጥፋው፤ ሲቢሲ ራዲዮ ዋን እዚህ 99.1 ላይ ነው።

ለአገር ቤት ዘመድ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እንደ ዶይቸ ቬለ ያለውን የአማርኛ ሥርጭት ለመስማት አጭር ሞገድ ያስፈልጋል። ዲጂታል ከሆነ ደግሞ ኤኤሙን ይጠይቁ፦ በካናዳ ጣቢያዎች በ10 ኪሎኸርዝ ይራራቃሉ፣ በኢትዮጵያ በ9። ካልተቀየረ ድምፁ ይዛባል። ሻንጣ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ባለሱቁ ፊትዎ ቀይሮ ያሳይዎት።