የጃቫ ድር መተግበሪያዎች ደኅንነት፦ ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ትእዛዝ እንዳይሆን

ዜጎች አገልግሎት ለማግኘት ስማቸውን፣ ስልክ ቁጥራቸውንና የመታወቂያ ቁጥራቸውን በድር መተግበሪያዎች ላይ ይሞላሉ። በጃቫ የተጻፉ መተግበሪያዎችም ከእነዚህ መካከል ይገኙበታል። ጃቫ የማህደረ ትውስታ አጠቃቀምን ራሱ ስለሚቆጣጠር በሌሎች ቋንቋዎች የሚከሰቱ አንዳንድ ስሕተቶችን ያስቀራል። ይሁን እንጂ ተጠቃሚው የሞላው ጽሑፍ በመተግበሪያው ውስጥ ወደ ትእዛዝ እንዳይለወጥ መጠበቅ የቋንቋው ሳይሆን የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

የመረጃ ቋት ጥያቄዎች

በስፋት ከሚታወቁት ጥቃቶች አንዱ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ነው። መተግበሪያው የተሞላውን ስም በመደመር ምልክት ከጥያቄው ጽሑፍ ጋር ካጣበቀው፣ አጥቂው በስም ፋንታ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስና ዘወትር እውነት የሆነ ሁኔታ ሊጽፍ ይችላል። በዚህም የአንድን ሰው መዝገብ ለማሳየት የተዘጋጀው ገጽ የሁሉንም ሰው መዝገብ ያወጣል።

መፍትሔው ፕሪፔርድ ስቴትመንት መጠቀም ነው። በዚህ ዘዴ የጥያቄው ቅርጽ አስቀድሞ ይወሰናል፤ የተጠቃሚው መልስም በጥያቄ ምልክት በተያዘው ቦታ እንደ ተራ ዋጋ ብቻ ይገባል። ሃይበርኔትን መጠቀም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ጥያቄው በማጣበቅ ከተዘጋጀ አደጋው ያው ነው። የሠንጠረዥና የዓምድ ስሞች በጥያቄ ምልክት ሊተኩ ስለማይችሉ ከተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር ብቻ መመረጥ አለባቸው።

ከሎግ ፎር ጄ የተገኘው ትምህርት

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2021) «ሎግ ፎር ሼል» የተባለ ክፍተት ዓለምን አስደንግጧል። ክፍተቱ የተገኘው የመተግበሪያዎችን የሥራ መዝገብ ለመጻፍ በሚያገለግለው፣ የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በሚያዘጋጀው ሎግ ፎር ጄ ላይብረሪ ውስጥ ነበር። ላይብረሪው በዶላር ምልክትና በጥምዝ ቅንፍ የሚጀምር ጽሑፍ ሲደርሰው፣ እንዳለ መመዝገብ ሲገባው እንደ መመሪያ ይተረጉመው ነበር። በመሆኑም አጥቂው በተጠቃሚ ስም ሳጥን ውስጥ የራሱን ሰርቨር አድራሻ የያዘ ጽሑፍ ቢያስገባና መተግበሪያው ያንን ቢመዘግብ፣ ከአጥቂው ሰርቨር የመጣ ኮድ ሊሠራ ይችል ነበር። የአደጋው ክብደት ከ10 ነጥብ 10 ተሰጥቶታል።

የመጀመሪያው ማስተካከያ፣ ስሪት 2.15.0፣ የተሟላ ሆኖ ባለመገኘቱ ስሪት 2.16.0 እና 2.17.0 በተከታታይ ወጥተዋል። ተቋማትን ይበልጥ ያስቸገረው ግን ላይብረሪው የት የት እንዳለ መለየት ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሌላ ላይብረሪ ሥር ሆኖ ነውና። ስለዚህ በሜቨን የሚሠሩ ባለሙያዎች በዲፔንደንሲ ትሪ ትእዛዝ የሁሉንም ላይብረሪዎች ዝርዝር ማውጣት፣ ዝርዝሩን መያዝና ማሻሻያ ሲወጣ ሳይዘገዩ መጫን ይኖርባቸዋል።

ሌሎች ጥንቃቄዎች

• የተጠቃሚው ጽሑፍ ወደ ድረ ገጽ ሲወጣ፣ ልዩ የኤችቲኤምኤል ምልክቶች እንደ ተራ ፊደል እንዲታዩ መደረግ አለባቸው። አለዚያ በአስተያየት ሳጥን የገባ የጃቫ ስክሪፕት ኮድ በሌላ ተጠቃሚ ብሮውዘር ላይ ሊሠራ ይችላል።

• ከውጭ የመጣ ዳታ በኦብጀክት ኢንፑት ስትሪም በቀጥታ ወደ ጃቫ ኦብጀክት መለወጥ የለበትም። መስኮቹ አስቀድመው የታወቁ ጄሰን መጠቀም ይመረጣል።

• መተግበሪያው ወደ መረጃ ቋቱ የሚገባበት አካውንት ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም። ይህም ጥቃት ቢደርስ እንኳ ጉዳቱን ይወስናል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን ዳታ የሚይዙ ተቋማት ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉ ይደነግጋል። አንድ ጊዜ የወጣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የሕክምና መዝገብ ተመልሶ ምስጢር ሊሆን አይችልም። ስለሆነም ባለሙያዎች እያንዳንዱን የመግቢያ ሳጥን በተመለከተ «እዚህ የሚጻፈው ነገር የት ይደርሳል? እዚያስ ሲደርስ ማን ይተረጉመዋል?» ብለው ኮዱን ከመልቀቃቸው በፊት ሊመረምሩ ይገባል።