ካልኩሌተሩ የዋጠው ቀሪ

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ለገሃር ከታክሲ ወርጄ ከመንገድ ዳር አንዲት ስምንት አሃዝ የምታሳይ ካልኩሌተር ገዛሁላት። እናቷ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ልጄን ልታደነዝዝብኝ ነው?» ብላ ካልኩሌተሯን ቁም ሳጥን ላይ ልትሰቅል ስትል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃት ብዬ ለመንኳት።

ጥያቄው የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በዓላት የሚወጡበት ስሌት፣ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ቀድሞ ቀኗ ስለምትመለስ ሊቃውንቱ ይህን ቁጥር ለ19 ገድፈው ቀሪውን ይይዛሉ። ልጅቷን «ከመጫንሽ በፊት ገምቺ» አልኳት። 7600 ቢሆን ኖሮ 400 እንደሚደርስ አስባ «ከ400 ትንሽ ያነሰ» አለች። ከዚያ ጫነችው፤ 395.63157 ወጣ።

«ጥሩ። ቀሪው ስንት ነው?»

ዝም አለች። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች «63157?» አለችኝ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እንዲህ ያለች ካልኩሌተር ታካፍላለች እንጂ ቀሪ አታስቀርም፤ ቀሪውን አስርዮሽ አድርጋ ትውጠዋለች። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና 395ን ቀንሳ የተረፈውን በ19 አባዛችው። ይህን ማንም አልነገራትም። 11.99983 ሆነ። «ጋሼ፣ ይቺ ዕቃ ተበላሽታለች!» አለች። አልተበላሸችም። 12 ለ19 ሲካፈል አስርዮሹ ማለቂያ የለውም፤ ማሽኗ ደግሞ ስምንት ቦታ ብቻ ስላላት ጭራውን ቆርጣ ትጥለዋለች። የተቆረጠችው ቁራጭ በ19 ስትባዛ ጉድለቷ ገሃድ ወጣ። ልጅቷ እስክሪብቶ አንስታ 395ን በ19 አባዛች፤ 7505። ከ7517 ሲቀነስ 12።

የቀረው ቀላል ነው። ከ12 አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ 121፣ ለ30 ሲገደፍ 1 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። 11 በ19 ተባዝቶ 209፣ ለ30 ሲገደፍ 29 ይቀራል፤ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 የሚሞሉት ማባዣዎቹ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሚሞሉ ነው። ከመጥቅዑ ተነስተው ሊቃውንቱ ፋሲካን ያወጣሉ፤ በ2017 ሚያዝያ 12 ዋለ።

የእህቴ ስጋት የእሷ ብቻ አይደለም። ሄምብሪና ዴሳርት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ካልኩሌተር የተደረጉ 79 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ከመደበኛው ትምህርት ጋር አብሮ ሲሰጥ የተማሪውን የወረቀት ስሌት አይጎዳም፣ እንዲያውም ያግዛል ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። አራተኛ ክፍል ላይ ግን ዘወትር መጠቀሙ ጉዳት አሳይቷል። ለእኔ ይህ አይደንቅም። የማባዣ ሰንጠረዥ ገና ያልገባው ልጅ 395.63157 ሲያይ የሚያነጻጽርበት ግምት የለውም፤ ማሽኑ ያለውን አሜን ብሎ ይቀበላል።

በነገራችን ላይ ካልኩሌተሯን የገዛሁበት ሰፈር፣ የባቡር ጣቢያው ለገሃር፣ ራሱ በስሌት ማሽን ታሪክ ውስጥ ስም አለው። የሀገራችን የኮምፒውተር ታሪክ ሲነሳ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአይቢኤምን የሂሳብ ማሽን ቀድሞ ያስገባው የምድር ባቡር ኩባንያው እንደሆነ ይነገራል። ማሽኑ ቁጥር የሚያነበው ከተበሳ ካርድ ነበር፤ ቀዳዳ አለ ወይም የለም፣ ሌላ ነገር አያውቅም።

ይህ «አለ ወይም የለም» ደግሞ ሩቅ ዘመድ አለው። በፈረንጆች የሂሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚሉት ዘዴ አለ። ትረካቸው ጉድጓድ ውስጥ ጠጠር እየጨመረ የሚያባዛ ሰው ያሳያል፤ ሌሎች ደግሞ የሩሲያ ገበሬ ዘዴ ይሉታል፣ የማጠፍ ሐሳቡም በጥንታዊ ግብፅ ፓፒረስ ላይ ይገኛል። የማንም ይሁን፣ ያንኑ 11 በ19 እንውሰድ። በግራ 11ን እያጋመስን ትርፉን እንጥላለን፦ 11፣ 5፣ 2፣ 1። በቀኝ 19ን እናጥፋለን፦ 19፣ 38፣ 76፣ 152። በግራ ያለው ቁጥር ተጋማሽ የሆነበትን ረድፍ እንሰርዛለን። 2 ብቻ ስለሆነ 76 ይወጣል። የቀሩት 19፣ 38 እና 152 ሲደመሩ 209። ሰንጠረዥ የማያውቅ ሰው ማጠፍና መደመር ብቻ ችሎ አባዛ።

ለምን ሠራ? 11 ማለት 8 እና 2 እና 1 ነው፤ 4 የለበትም። የተሰረዘው ረድፍ የዚያ የሌለው 4 ድርሻ ነበር። ኮምፒውተርም በሁለትዮሽ 1011 ብሎ ይጽፈዋል፤ በእሱ ቤት ማጠፍ ማለት አሃዞቹን አንድ ቦታ ወደ ግራ መግፋት ነው። ስለዚህ እሱም ቁጥር ሲያባዛ በመሠረቱ ይገፋል፣ ይደምራል። ይህን በወረቀት የሠራች ልጅ ማሽን ውስጥ ጂኒ አለ ብላ አታምንም።

ካልኩሌተሯ ቁም ሳጥን ላይ አልወጣችም። ማታ እናትየዋ ራሷ ይዛት ቁጭ ብላ አገኘኋት። 2018ን ለብቻዋ ጀምራ፣ 7518ን ለ19 አካፍላ፣ 395ን ቀንሳ፣ የተረፈውን በ19 አባዝታ ጨርሳለች።

«12.99999 ይላል» አለችኝ ቀና ሳትል። «13 ልበለው?»